ጥያቄና መልስ፦ ደመወዜን ትቼ በቴሌግራም በርበሬ ልሽጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዜ 18,000 ብር ነው፤ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 12,490 ነው። ማታና ቅዳሜ እሑድ በቴሌግራም ቻናሌ ባልትና እሸጣለሁ፤ ዋናው በርበሬ ነው። 20 ኪሎ ዛላ በ600 ብር ሒሳብ 12,000፣ ቅመም 2,600፣ ወፍጮ 400፣ በድምሩ 15,000 ይፈጅብኛል። ለ20 ሳካፍለው ኪሎው በ750 መጣልኝ ማለት ነው፤ የምሸጠው በ950 ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በወር በአማካይ 70 ኪሎ ስለሸጥኩ 14,000 ብር አተርፋለሁ፤ ከደመወዜ በለጠ። 3 ኪሎ ለሚያዝ ማድረሻ በነፃ ነው፤ አብዛኛው ደንበኛዬም የሚያዘው 3 ኪሎ ነው። ኅዳር ላይ ነበር የተቀጠርኩት፤ በዚህ ሐምሌ 4 ዓመት ከ8 ወር ሆነኝ። ባለቤቴ «ቆይ» ይለኛል፤ እኔ ግን ነሐሴ ላይ መልቀቂያ ላስገባ ወስኛለሁ። ምን ትላላችሁ?
የባልትና ሻጭ፣ ከየካ

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። በሙያዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ምክንያቱን በቁጥር እናስረዳዎ።

ስህተቱ ያለው «ለ20 ሳካፍለው» ያሉት ላይ ነው። 20 ኪሎ ዛላ 20 ኪሎ በርበሬ አይሆንም። ሲቀነጠስ ጭራው ይወጣል፤ ነጭ የመታው ይለቀማል፤ ፍሬው በከፊል ይራገፋል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እርጥበቱ ይሄዳል፤ ወፍጮውም የራሱን ያስቀራል። ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት ዛላ ከገዙ ደግሞ ኪሳራው ይብሳል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጨውና ቅመሙ የጎደለውን በከፊል ይተካሉ እንጂ አይሞሉትም። ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግርዎ ሚዛን ብቻ ነው፤ ለስሌት ያህል ግን 18 ኪሎ ዱቄት ወጣ እንበል። 15,000 ለ18 ሲካፈል 833 ብር ነው። 200 ብር ያሉት ትርፍ 117 ሆነ ማለት ነው።

እንቀጥል። ዚፕ ያለው ማሸጊያና መለያ ወረቀቱ በኪሎ 20 ብር ቢፈጅ 97 ይቀራል። ሞተረኛው ለአንድ ጉዞ 150 ብር የሚያስከፍል ከሆነ «በነፃ» ያሉት ማድረሻ ለ3 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 50 ብር ከእርስዎ ኪስ ይወጣል፤ 47 ቀረ። ለስልክና ለኢንተርኔት በወር 980 ብር ካወጡ በኪሎ 14 ነው። የቀረው 33 ብር በ70 ኪሎ ሲባዛ 2,310 ብር ይሆናል። 14,000 ያሉት ትርፍ ይኼ ነው፤ የእርስዎና የቀንጣሿ ድካም ገና አልታሰበም።

ንግዱ አያዋጣም ማለታችን ግን አይደለም። ከነገ ጀምሮ የማድረሻውን ዋጋ ደንበኛው ይክፈል፤ ሰው በርበሬው ካረካው 150 ብር አይከብደውም። ከከበደው ማክሰኞና ዓርብን ብቻ የማድረሻ ቀን አድርገው በአንድ አቅጣጫ ያሉትን ትእዛዞች ለአንድ ሞተረኛ በአንድ ጉዞ ይስጡ። ያኔ በኪሎ 97 ብር ይቀርልዎታል። ሊተኩ የሚገባዎት ደግሞ 12,490 ብቻ አይደለም። አሠሪዎ ለጡረታዎ የሚያዋጣው 11 በመቶ፣ ማለትም 1,980 ብርም አብሮ ይቋረጣል። ሁለቱ ተደምረው 14,470 ናቸው። በዚህ ላይ የኢንተርኔቱን 980 ጨምረው ለ97 ሲያካፍሉት በወር 160 ኪሎ ገደማ መሸጥ እንዳለብዎ ይወጣል። ለዚያ ወደ 178 ኪሎ ዛላ ያስፈልጋል፤ በ600 ብር ሒሳብ የወር የዛላ ግዢ ብቻ 106,800 ብር ነው። 178 ኪሎ በርበሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መቀንጠስና መደለዝ ደግሞ ንግዱን ለጎረቤት ሁሉ በማስነጠስ ማስተዋወቅ ነውና፣ ግቢ ያለው ዘመድ ካለዎት ካሁኑ ያነጋግሩ።

የመረጧቸው ወራትም ያሳስታሉ። መጋቢትና ሚያዝያ የፋሲካ ሰሞን ናቸው፤ ቤተሰብ ሁሉ ለዶሮው በርበሬውን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት 70 ኪሎ የሸጠ ሰው በሰኔ 30 ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለውን ሽያጭ በተለየ የባንክ ሒሳብ እያስገቡ፣ የወጣውንም ከዚያው እያወጡ ይመዝግቡ። የቤት አስቤዛ ከዚያ ሒሳብ አይነካ።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። ድርጅቱ ያሠለጠነዎትና «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለው የፈረሙበት ግዴታ ካለ ግን ያግድዎታል፤ ውልዎን ያንብቡ። ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። በእርስዎ ደመወዝ 18,000 ሲደመር 4 ጊዜ 6,000፣ በድምሩ 42,000 ብር ይሆናል። ነሐሴ ላይ መልቀቂያ ካስገቡ ይህ ገንዘብ የለም። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን አምስተኛው ዓመት ሳይሞላ አስቀድመው አይስጡ። ኅዳር ላይ ሲሞላ በማግሥቱ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ሳያስጠነቅቁ ጥለው ከወጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠየቁና ከሚከፈልዎት ላይ ሊቀነስብዎ ይችላል። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ኅዳር ሌላም በረከት አለው። ከማረቆ፣ ከአላባ፣ ከቡሬ አዲሱ ዛላ ከጥቅምት እስከ ጥር ይገባል። ፀሐዩም ያን ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ የሚለቅ ሰው ያለፈውን ዓመት ዛላ በክረምት ዋጋ ገዝቶ በዝናብ ሊያደርቅ ይታገላል። 42,000 ብሩ በእጅዎ ሲገባ ገበያው ላይ ምርት አለ።

ሲገዙ ዛላውን አጥፈው ይሞክሩት፤ የደረቀ ከሆነ ይሰበራል፣ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኳኳል። ተጣጥፎ የሚመለሰው እርጥበት አለው፤ ውስጡን ከፍተው ግራጫ ሻጋታ ካዩ ኬሻውን በሙሉ ይተዉት። ሻጋታ ጤና የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መታመስም መፈጨትም አያጠፋውም። ዛላው በጆንያ ሆኖ ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ እንጂ በላስቲክ አይታፈን። ድልዙን ግንቦት ሳያልፍ አድርቀው ይጨርሱ፤ የሚፈጩት ግን የአንድ ወር ሽያጭ ብቻ ይሁን። የተፈጨ በርበሬ ቀለሙም ሽታውም ቶሎ ይሄዳል።

ብዙ የባልትና ሻጭ ደንበኛ የሚያጣው ከወፍጮ መልስ ነው። ዱቄቱ ከወፍጮ ሲወጣ ይሞቃል። ያንኑ ትኩሱን ካሸጉት እንፋሎቱ ማሸጊያው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ በርበሬው ይጓጉላል፣ በሳምንታት ውስጥም ይሻግታል። በንጹሕ ሸራ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ በነጠላ ተሸፍኖ ይደር። ጠዋት ይታሸጋል። ሲመዝኑ የማሸጊያውን ክብደት ይቀንሱ። ብርሃን የማያሳልፍ ማሸጊያ ከተገኘ ከሚያሳልፈው ይሻላል፤ ቀለሙን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ልክፈት ወይስ በቴሌግራም ልቀጥል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱንም፤ ግን ለየቅል ሥራ። ቲክቶክ ሰው ያመጣል፣ ቴሌግራም ይሸጣል። ቪዲዮው ላይ በርበሬው ሲፈስ፣ ቀሚሱ ሲዘረጋ ያሳዩና ወደ ቻናሉ ይምሯቸው። በቻናሉ እያንዳንዱ ልጥፍ ላይ ዋጋ፣ መጠን፣ የማድረሻ ክፍያና ስልክ ይኑር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ይተዉት፤ ገዢው ዋጋውን ካላየ የሚያልፈው ወደ ሌላ ቻናል ነው።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ሆኜ የልጆች ልብስ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም፤ መጋዘኔ አልጋ ሥር ነው። በወር ወደ 140,000 ብር እሸጣለሁ፤ የሚተርፈኝ ግን ትንሽ ነው። ፈቃድ ያስፈልገኛል? ግብርስ?
ከሀዋሳ

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። ሱቅ አለመኖሩ ንግዱን ንግድ ከመሆን አያወጣውም። ቅደም ተከተሉ፣ መጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ የንግድ ምዝገባ፣ ከዚያ የንግድ ፈቃድ ነው። ምዝገባውና ፈቃዱ በንግድ ሚኒስቴሩ የኦንላይን ሥርዓት ስለሚሠራ ሰነዶቹን በስልክዎ አንስተው ማስገባት ይችላሉ።

ሰው የሚያደናቅፈው አድራሻው ነው። የሚኖሩት በኪራይ ቤት ከሆነ የተረጋገጠ የኪራይ ውል ይጠየቃሉ፤ አከራዩ ደግሞ «ለንግድ» የሚለውን ቃል ሲያይ ሊያፈገፍግ ይችላል። ይህን ንግግር ምዝገባውን ከመጀመርዎ በፊት ይጨርሱ። የሥራ መስኩን ሲመርጡም ይጠንቀቁ፤ ልብስ ገዝቶ መሸጥና ልብስ ሰፍቶ መሸጥ የተለያዩ መስኮች ናቸው። የታሸገ ምግብ ለሚሸጡ አንባብያን ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ አለ፤ መለያ ወረቀት ከማሳተምዎ በፊት የሚመለከተውን የጤና ወይም የምግብ ቁጥጥር ቢሮ ይጠይቁ።

ግብሩን በተመለከተ «የሚተርፈኝ ትንሽ ነው» ማለትዎ ለአንድ ነገር አያገለግልዎትም። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የመመዝገብ ግዴታ የሚለካው በትርፍ ሳይሆን በዓመታዊ ሽያጭ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ጣሪያው 2 ሚሊዮን ብር ነው። የእርስዎ 140,000 በ12 ወር ሲባዛ 1,680,000 ይሆናል። አንድ ጥሩ የመስከረም ወር፣ የትምህርት ቤት መክፈቻና የገና ሰሞን ሲጨመርበት ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ የወር ሽያጩን እየደመሩ ይከታተሉ። የገዙበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ርካሽ የሚመስለው እስከ ኦዲት ቀን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ገዢ የቴሌብር ክፍያ ስክሪንሾት ላከልኝ፤ ዕቃውን በሞተር ላክሁ፤ ገንዘቡ ግን አልገባም። እንዴት ልጠንቀቅ?
ከአዳማ

መልስ፦ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። ስምና መጠን ቀይሮ ሐሰተኛ ደረሰኝ ማዘጋጀት የደቂቃ ሥራ ነው። የጽሑፍ መልእክትም ብቻውን አይበቃም፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፣ አጭበርባሪዎች ግን ተመሳሳዩን ጽሑፍ ገልብጠው ከተራ ስልክ ቁጥር ይልካሉ። ሰው ሥራ በዝቶበት ሲጣደፍ ጽሑፉን አንብቦ የላኪውን ቁጥር ሳያይ ያልፋል።

መተግበሪያዎን ራስዎ ይክፈቱ፤ የግብይት ዝርዝሩ ውስጥ ገንዘቡንና የግብይት ቁጥሩን ካላዩ ዕቃው ከቤት አይውጣ። የግብይት ቁጥሩን ከትእዛዙ አጠገብ በደብተር ይጻፉት፤ አንዱን ደረሰኝ ለሁለት ትእዛዝ የሚልኩ አሉ። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» ለሚል ደንበኛ መልሱ «ሲገባ እልካለሁ» ነው፤ እውነተኛ ገዢ አይቀየምም።

ሌላም ዘዴ አላቸው። የዕቃው ዋጋ 1,500 ሆኖ «በስህተት 15,000 ላክሁ፤ ቀሪውን መልስልኝ» ይላሉ፤ ማስረጃው ያው የተሠራ ስክሪንሾት ነው። ሒሳብዎ ውስጥ ያልታየ ገንዘብ አይመለስም። እውነት በስህተት ከገባም ወደ ላከው ቁጥር ብቻ ይመልሱት፤ «ወደ ወንድሜ ስልክ» ካለ ይተዉት።

ክፍያውን ዕቃው ሲደርስ በእጅ የሚቀበሉ ከሆነ ከሞተረኛው ጋር ሒሳቡን በዕለቱ፣ ከምሽቱ በፊት ይዝጉ። አዲስ ደንበኛ ከከተማ ውጭ ካዘዘ ደግሞ ሙሉ ክፍያው ሳይገባ ዕቃውን አውቶቡስ ላይ አይጫኑ፤ ከጫኑም የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሹፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክና የታሸገውን ዕቃ ፎቶ ለገዢው ይላኩ።