መብራት ሲሄድ የቀለም መርጫ ማሽን ጎማ ውስጥ የሚቀረው ግፊት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ የሚሆኑት ስለ ቀለም መርጫ ስፕሬይ ማሽን ናቸው፣ አይገርምም፣ ከገላን እስከ ሱሉልታ ሼድ የማይገነባበት ቦታ የለም፣ በብሩሽና በሮለር ማን ይጨርሰዋል። የገላኑ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ከሱ ልጀምር፣ መልሴ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ገላን ነው የምኖረው፣ የብረትና የመጋዘን ቅብ እሰራለሁ። 12 አመት በኮምፕሬሰር ሰርቼ አምና ነው ኤርለስ የሚሉትን ማሽን ከዱባይ ያስመጣሁት። ከወር በፊት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ሼድ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እየቀባን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ረዳቴ 20 አመቱ ነው፣ "እስኪመጣ ቲፑን ላፅዳው" ብሎ (ቀለሙ የሚወጣበትን ጫፍ ማለቱ ነው) ጋርዱን፣ የቲፑን መከላከያ፣ ፈታና በግራ አውራ ጣቱ ሲጠርገው የመርጫው ምላጭ ተነካ መሰለኝ ቸስ አለበት። ጣቱን ብናይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ናት፣ ደም እንኳን የለውም፣ እንደውም ሳቅንበት። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄዶ በአልኮል ጠርገው ኪኒን ሰጥተው ሸኙት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እጁ እስከ አንጓው አብጦ ይጮሃል። ጠዋት ሆስፒታል ወሰድነው፣ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ያውራ ጣቱ ጫፍ ተቆረጠ። ማሽኑ እኮ ጠፍቶ ነበር! ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው? ማሽኑን ልሽጠው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ልጁን እግዜር ይማርልህ። ማሽኑን አትሽጠው፣ ብትሸጠው ሌላ ሰው ነው የሚገዛው እሱም እንዳንተው ከኮምፕሬሰር የመጣ ይሆናል፣ ችግሩ ደሞ እዛ ጋ ነው ያለው።

አየህ በኮምፕሬሰር ስንሰራ ጋኑ፣ ማለትም በእጅ የምንይዘው መርጫ፣ ላይ የሚደርሰው አየር 40 ወይ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ምናምን ነው። ሲደፈን ምን እናረጋለን? አፉን በጨርቅ ወይ በጣት ደፍነን ምላጩን እንስብና አየሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ጣሳው ውስጥ እያንቦጨቦጨ ይጠርገዋል። ሁላችንም ያደግነው እንደዛ እያረግን ነው፣ እኔ ራሴ ስንት አመት። እጅ የለመደውን ደሞ አይረሳም። አሁን ያስመጣኸው ማሽን ግን አየር የለውም፣ ቀለሙን ራሱን ነው ፓምፑ ጨምቆ የሚገፋው፣ እስከ 3000 ፒኤስአይ ይደርሳል ማለትም 200 ባር አካባቢ። የቤት መኪና ጎማ 30 ምናምን ነው፣ መቶ እጥፍ በለው። ቆዳ ለመብሳት 100 ፒኤስአይ ገደማ እንደሚበቃ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ጣቱን የመታው "ትንሽ ቀለም" እያልክ አታስበው፣ መርፌ ነው፣ ሲሪንጅ ሙሉ ቀለምና ቲነር ነው የተወጋው።

"ጠፍቶ ነበር" ያልከው ላይ ልምጣ። የጠፋው ሞተሩ ነው። መብራት ሲሄድ ፓምፑ መግፋት ያቆማል እንጂ የተገፋው ቀለም የት ይሂድ? ከፓምፑ እስከ ጋኑ ያለው 15 ሜትር ጎማ ውስጥ ታጭቆ፣ በሙሉ ግፊቱ ተቀምጧል፣ ምላጩ እስኪሳብ ይጠብቃል። ጎማው ራሱ ትንሽ ስለሚለጠጥ እንደተወጠረ ላስቲክ ነው። ሌላም ጉድ አለው፣ ማብሪያው እንደበራ ከተተወ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ጋኑን የያዘው ሰው እያወራ ይሆናል፣ ጋኑ ጭን ላይ ይሆናል። መብራት በቀን ሁለቴ በሚሄድበት ሰፈር ይሄን አለማወቅ ከባድ ነው።

እና መብራት በሄደ ቁጥር፣ ለምሳ በወጣችሁ ቁጥር፣ ቲፕ ልትቀይር ወይ ልታፀዳ ባልክ ቁጥር ግፊቱን አውጣው። መጀመሪያ የምላጩን መቆለፊያ ቆልፍ። ማብሪያውን አጥፋ፣ ገመዱንም ከሶኬት ንቀለው። የግፊት ማስተካከያዋን እስከመጨረሻው ቀንሳት። ቀለሙን ወደ ባልዲ የምትመልሰዋን ቫልቭ፣ ፕራይም የሚሏትን ማለት ነው፣ ክፈታት። ከዛ መቆለፊያውን ፍታና ጋኑን የብረት ባልዲ ጠርዝ ላይ አስነክተህ ወደ ውስጥ ምላጩን ሳበው፣ መተንፈሱን እስኪያቆም። መልሰህ ቆልፍ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቲፑ ተደፍኖ ወይ ጎማው ተዘግቶ "ወጥቷል" ብለህ ካልተማመንክ የጋርዱን ማያያዣ በጣም በቀስታ ላላ አርገህ መጀመሪያ ይተንፍስ፣ በአንዴ አትፍታው።

አብዛኛውን ጊዜ ደሞ ቲፑ ተደፈነ ተብሎ ጋርድ መፍታት ራሱ አያስፈልግም፣ የአሁኖቹ ቲፖች ይገለበጣሉ፣ እጀታዋን ግማሽ ዙር አዙረህ ቁራጭ ካርቶን ላይ አንዴ ስትረጭ ቆሻሻው ይወጣል፣ መልሰህ ታዞራታለህ። ያቺ ቢጫ ክንፍ ያላት ጋርድ ለጌጥ አይደለችም፣ ጣት ቀዳዳው ጋ እንዳይደርስ ነው የተሰራችው፣ "ታጨናንቀናለች" ብለው የሚነቅሏት ልጆች አሉ፣ እኔ ብሆን በዛኑ ቀን ሂሳባቸውን ሰጥቼ አሰናብታቸዋለሁ። ጎማው ደሞ አንድ ቦታ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካስነጠሰ በእጅም በጨርቅም እንዳትይዘው፣ በፕላስተር መጠቅለልም የለም፣ ግፊቱን አውጥተህ ጎማውን ትቀይራለህ፣ ለዛ ግፊት የተሰራ ጎማ ብቻ፣ የውሀ ወይ የኮምፕሬሰር ጎማ አይሆንም።

አሁን ስለ ጣቱ፣ ይሄን ሌሎቻችሁም አንብቡት። እንዲህ አይነቱ ጉዳት መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ነጥብ ናት፣ ህመሙም ትንሽ ነው። ውስጥ ግን ቀለሙ ጅማቱን ተከትሎ እስከ መዳፍ ሊሄድ ይችላል፣ ቲነሩ ስጋውን ያቃጥላል፣ እብጠቱ ደም ያግዳል። የተጠኑት ሰዎች ሲታዩ ከ100ው ወደ 30 የሚሆኑት ጣታቸው ወይ ከጣታቸው የተወሰነው ተቆርጧል፣ በቲነርና በዘይት ቀለም የተወጉት ላይ ይብሳል፣ የፕላስቲክ ቀለም ይሻላል ግን እሱም ቀላል አይደለም። ሰዓት ወሳኝ ነው፣ በተለይ ቲነር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ተከፍቶ የታጠበና ከዛ በኋላ የታጠበ ልዩነት አላቸው። ስለዚህ ክሊኒክ ሄዶ ኪኒን መቀበል አይበቃም፣ ያንተ ረዳት ከ8 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለፈው ጊዜ ነው የጎዳው። እዛ የነበረውን ባለሙያ ለመውቀስ አይደለም፣ በህይወቱ እንዲህ አይነት አይቶ ላያውቅ ይችላል፣ ልጁም "ትንሽ ወጋኝ" ብሎት ይሆናል።

ስለዚህ ስትደርሱ "ወጋኝ" አትበሉ። "በከፍተኛ ግፊት ቀለም ቆዳዬ ስር ገብቷል፣ 3000 ፒኤስአይ ማሽን ነው፣ በዚህ ሰዓት ነው የተመታሁት" በሉ፣ የቀለሙንና የቲነሩን ጣሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጽሁፉን ሐኪሙ ያየዋል። ቀዶ ጥገና ያለበት ሆስፒታል ነው የሚኬደው፣ አቤት ሆስፒታል ለድንገተኛ አደጋና ለቃጠሎ ተብሎ የተቋቋመ ነው፣ ጥቁር አንበሳም አለ፣ መኪና ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እስክትደርሱ እጁን ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ ቀለበት ካለ ይውለቅ፣ ምግብና መጠጥ ይቅር ምክንያቱም ማደንዘዣ ሊሰጠው ይችላል። አትሹት፣ አትጭመቁት፣ በላስቲክ ጠፍራችሁ አትሰሩት፣ በረዶ አታድርጉበት፣ በቲነር ደሞ እንዳታጥቡት።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር፣ ባትጠይቅም ልጁ እያሰበው ነው። "የቀን ሰራተኛ ነው፣ ውል የለንም" እንዳትል። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስራ ውል የግድ በጽሁፍ መሆን የለበትም፣ በስራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ደሞ አሰሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነት አለበት፣ የህክምናውን ወጪ ጨምሮ። ጓንትና ማስኩም በአሰሪው ወጪ ነው የሚቀርበው። በነገራችን ላይ ጓንት 3000 ፒኤስአይ አያቆምም፣ ለቆዳ ነው የሚጠቅመው፣ ማንም "ጓንት አድርጌያለሁ" ብሎ እጁን የጋኑ አፍ ፊት እንዳያረግ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከሰበታ ነኝ። ባለቤቴ የቦቴ መኪና ታንከር ውስጡን ይቀባል። ማታ ሲመጣ የሰከረ ነው የሚመስለው፣ እራሱን ያመዋል፣ ልብሱ ቤቱን ሁሉ በቲነር ይሞላዋል። የኮሮና ማስክ ያደርጋል፣ ወተትም ይጠጣል። ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ አይበቃም፣ ሁለቱም። ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው ቲነሩ ሳንባ፣ የት ይገናኛሉ? ወተት መጠጣቱን አልከለክልም ግን እንደ መድኃኒት አትዩት። የኮሮና ማስክ ጭጋጉን ትንሽ ይይዛል እንጂ ሽታው ማለትም ተን የሆነው ቲነር ያለ ችግር ያልፈዋል። ለሱ የሚሆነው ካርትሪጅ፣ ማለትም ተን የሚይዝ ማጣሪያ፣ ያለው ጎማ ማስክ ነው፣ ለኦርጋኒክ ተን የሚሆነው የአውሮፓው ቡናማ ምልክት አለው የአሜሪካው ጥቁር፣ ከፊቱ ደሞ የአቧራ መያዣ ይደረብበታል። ሽታው ማስኩ ውስጥ መሽተት ከጀመረ ካርትሪጁ አልቋል ማለት ነው። ፂምም ካለው አይገጥምለትም፣ ይላጨው።

ግን የሱ ስራ ከማስክ በላይ ነው የሚያስፈራኝ። የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል፣ ታንከር ውስጥ ሲረጭ ታች ይተኛል፣ ሰውየው ደሞ እዛው ታች ነው ያለው። ካርትሪጅ ኦክስጅን አይሰራም፣ አየሩ ራሱ ከተባረረ ማስክ አድርጎም ይወድቃል። አንድ ሰው ከላይ ቀዳዳው ላይ ሳይለቅ መቆም አለበት፣ ወገቡ ላይ መጎተቻ ገመድ መታሰር አለበት፣ አየር ከውጪ የሚነፋ ማሽን መኖር አለበት፣ እሱ ራሱም ብልጭታ የማይፈጥር አይነት፣ ተራ ቬንትሌተር አይደለም። ሰው ቢወድቅ ተከትሎ መግባት የለም፣ ሁለተኛውም እዛው ይቀራል፣ በገመድ ይጎተታል፣ 939 ይደወላል። ቀለሙ ከሃርድነር (ማጠንከሪያ) ጋር የሚበጠበጥ ከሆነ ደሞ ውስጡ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ሊኖር ይችላል፣ ጣሳው ላይ ይጻፋል፣ እሱ አንዴ አስም ካመጣ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም፣ ለሱ ከውጪ ንጹህ አየር በቱቦ የሚመጣበት ማስክ ነው የሚያስፈልገው። አሰሪው ይሄን ካላቀረበ ስራው ይቅርበት ማለት ለኔ ቀላል ለናንተ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሰክሮ እየመጣ ያለ ሰው ሰውነቱ እየነገረው ነው። ልብሱን ውጪ ያውልቅ፣ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

እሳትንም አትርሱ። ቀለም በዛ ፍጥነት ሲረጭ ራሱ ስታቲክ፣ ብልጭታ የሚያመጣ ኤሌክትሪክ፣ ይፈጥራል፣ ስለዚህ ማሽኑ ኧርዝ ያለው ሶኬት ላይ ይሰካ፣ ሶስተኛዋን እግር ቆርጦ ወይ በማከፋፈያ መሰካት የለም፣ ቲነር ያለበት ባልዲ የብረት ይሁንና እሱም ኧርዝ ይደረግ። ማሽኑ ከሚረጭበት ቦታ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ዘበኛው ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ሲያፈላ ከጎኑ ቲነር የሚከፍት ሰው በአይኔ አይቻለሁ፣ ቡናው ደስ ይላል፣ ከሼዱ ውጪ ይፈላ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ መኪና እጥበት አለኝ። ልጆቹ ማታ ስራ ሲጨርሱ ቦቲያቸውን አንዳንዴም ባዶ እግራቸውን በማሽኑ ውሀ ያጥባሉ። ውሀ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ዛሬውኑ አስቁማቸው። እጥበት ማሽን 100 እስከ 150 ባር ነው፣ ከቀለሙ ማሽን ብዙ አያንስም፣ ውሀውም ቆዳ ይበሳል፣ ከነጭቃውና ከነጀርሙ ነው የሚገባው። ህክምናው ከላይ ለገላኑ እንደነገርኩት ነው። ቀይዋን ኖዝል (የውሀ መውጫ አፍ)፣ ዜሮ ዲግሪ የሆነችውን፣ ከሳጥኑ አውጥተህ ቤትህ ውሰዳት፣ ለመኪና አረንጓዴዋና ነጯ ይበቃሉ። ገመዱ ውሀ ውስጥ እንዳይተኛ፣ ሾክ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም አስገባ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ። ቲፕ ላይ 517 ይላል፣ ምንድነው? ሻጩም አላወቀም።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ቁጥር እጥፍ አርገው፣ 5 ከሆነ 10 ኢንች፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ርቀህ ስትረጭ የሚወጣው ስፋት ነው፣ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ። 17ቱ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሺህኛ ኢንች። ቲፕ ሲያረጅ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ርጭቱ ይጠባል፣ ዳር ዳሩ ላይ ጭራ ያወጣል፣ ልጆች ያን ጊዜ ግፊቱን ይጨምራሉ፣ አትጨምር ቲፑን ቀይረው። ግፊቱን ከታች ጀምረህ ካርቶን ላይ እየሞከርክ ከፍ አርገው፣ ጭራው የጠፋበት ጋ ስትደርስ እዛው ተወው።