ኬብሉ ከዋይፋዩ ሲዘገይ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል በዚህ ዙር በኬብል የተገናኘ ኮምፒውተር ስለሚዘገይበት ምክንያት የተጻፉትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ማራኪ ነው። ቤቴ ፋይበር ገብቶልኛል፤ የምከፍለውም ለ200 ሜጋቢት ነው። ሞደሙ አጠገብ ሆኜ በስልኬ ዋይፋይ ስለካ ከ180 በላይ ያሳያል፤ ኮምፒውተሬን በኬብል ሳገናኝ ግን ከ94 አልፎ አያውቅም። ኬብል ይሻላል ይባል አልነበረም?

መልስ፦ ይሻላል፤ የእርስዎ ኬብል ግን ሙሉ አቅሙን እየሰጠ አይደለም። ይህን የሚነግረን ራሱ 94 የሚለው ቁጥር ነው፤ መስመሩ በ100 ሜጋቢት ሲሠራ አድራሻና መቆጣጠሪያ መረጃው የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ይህንኑ ያህል ነው። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠማዝዘው አራት ጥንድ ይሆናሉ። ለ100 ሜጋቢት ሁለቱ ጥንዶች ይበቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው የ1000 ሜጋቢት ደረጃ ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ለ100 ሜጋቢት ከማያስፈልጉት ሁለት ጥንዶች አንዱ ሽቦ ቢበጠስ ወይም በኮኔክተሩ (በኬብሉ ጫፍ ባለው መሰኪያ) ውስጥ ከጥርሱ ጋር ሳይነካካ ቢቀር፣ መስመሩ ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ ከመቋረጥ ይልቅ ወደ 100 ይወርዳል። ኢንተርኔቱ እየሠራ ስለሆነም ኬብሉን የሚጠረጥር አይኖርም፤ ወቀሳው ሁሉ በአገልግሎት ሰጪው ላይ ያርፋል።

በዊንዶውስ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ የኢተርኔቱን (የኬብል ግንኙነቱን) ዝርዝር ከፍተው የግንኙነቱን ፍጥነት ይመልከቱ። 100 የሚል ከሆነ፣ በፋብሪካ የተሠራ አጭር ኬብል ተውሰው በቦታው ይሰኩ። 1000 ካሳየ ጥፋቱ የአሮጌው ኬብል ነው፤ ሁለቱን ጫፎች ቆርጦ በአዲስ ኮኔክተር ማሰር ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ደግሞ የሞደሙን ሌላ ፖርት (የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ) ይሞክሩ፤ የኮምፒውተሩንም የኔትወርክ ካርድ (ኬብሉ የሚሰካበትን ክፍል) ይመርምሩ። በርካታ ርካሽ ሞደሞችና በዩኤስቢ የሚሰኩ አስማሚዎች ከ100 የማያልፍ ፖርት አላቸው፤ ለእነዚህ ኬብል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ኬብሉን ራስዎ የሚያስሩ ከሆነ የቀለሞቹን ቅደም ተከተል አይዘንጉ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ የፈለግኩትን ቀለም ባስቀድም ምን አለበት?» የሚሉ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። ችግር አለበት፤ ሦስተኛውና ስድስተኛው ሽቦ የአንድ ጥንድ አካል ካልሆኑ መጠማዘዙ የሚሰጠው ከለላ ይፈርሳልና። በርካሽ ቴስተር (የኬብል መሞከሪያ) ስምንቱም መብራቶች ይበራሉ፤ ፍጥነቱ ግን ይወድቃል።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነኝ። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤቱ 60 ሜትር ያህል ኬብል ከመብራት ገመዱ ጋር አስረን በውጭ አሳልፈናል፤ መሐል ላይ ስላልደረሰ ቀጥለን በፕላስተር ጠቅልለነዋል። ክረምት ሲገባ በጣም ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል።

መልስ፦ ርዝመቱ ችግር የለበትም፤ ደረጃው እስከ 100 ሜትር ይፈቅዳል። ጥፋቱ ቅጥያው ነው። ጥንዶቹ የተፈቱበትና በፕላስተር ብቻ የተሸፈነ ቦታ ዝናብ ያስገባል፤ እርጥበቱም መዳቡን ያዝገዋል፣ ምልክቱንም ያዳክማል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ኬብል ደግሞ ልባሱ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ይሰነጠቃል። ቅጥያ የሌለው፣ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ኬብል ይዘርጉ።

ከመብራቱ ገመድ ግን ዛሬውኑ ይለዩት። ይህን የምለው ለፍጥነቱ ብዬ አይደለም፤ የአንዱ ልባስ ቢላጥ 220 ቮልት ወደ ሞደሙ፣ ከዚያም ወደሚነካው ሰው ሊደርስ ስለሚችል ነው። መብረቅም ሌላ ስጋት ነው፤ አጠገብ የወደቀ መብረቅ በረጅም የውጭ ሽቦ ላይ በሚፈጥረው ኃይል ፖርቶችን ያቃጥላል። በእኔ አስተያየት በሁለት ቤቶች መካከል የሚሻለው ፋይበር ዘርግቶ በየጫፉ ወደ ኬብል የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ማስቀመጥ ነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የብረት ማጠናከሪያ ሽቦ የሌለውን ዓይነት ይምረጡ። እስከዚያው ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉ።

ጥያቄ፦ የ100 ሜጋቢት ከፍዬ ዳውንሎድ ሳደርግ 11 ሜጋ ብቻ ያሳየኛል። ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለሉም። የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ዳውንሎዱ የሚቆጠረው በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 100 ለስምንት ሲካፈል 12.5 ይሆናል። 11 ጥሩ ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የቪዲዮ ቅንብር ቤት አለን። በስዊች (ኬብሎቹን በሚያገናኘው ሳጥን) ከተገናኙት ኮምፒውተሮች አንዱ ትልልቅ ፋይል ሲልክ ይንፏቀቃል፤ ድረ ገጽ ግን በደንብ ይከፍታል።

መልስ፦ ፋይሉ ከክፍሉ ስለማይወጣ ኢንተርኔቱ እዚህ ውስጥ የለበትም። ስዊቹ የ100 ሜጋቢት ከሆነ 8 ጊጋባይት ቪዲዮ ለማስተላለፍ በጥሩ ሁኔታም 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ለእናንተ ሥራ የጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ስዊች ያስፈልጋል። የሚዘገየው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የካርዱን ሴቲንግ ተመልከቱ። አንድ ሰው ፍጥነቱን በእጅ «100 ፉል ዱፕሌክስ» (መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ) አድርጎት ከሆነ፣ በአውቶማቲክ የቀረው ስዊች ወደ «ሃፍ ዱፕሌክስ» (በየተራ መላክና መቀበል) ይወርድና ሁለቱ አይግባቡም፤ ትንሽ መረጃ ያልፋል፣ ብዙ ሲሆን ይጋጫል። ወደ አውቶማቲክ መልሱት።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ካት 8 ካልገዛህ ፍጥነት አታገኝም» አለኝ።

መልስ፦ አይስሙት። «ካት» የኬብሉን ደረጃ የሚያሳይ ስያሜ ነው፤ ካት 5ኢ ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ካት 8 ለትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የተሠራ ነው። ይልቅ ሽቦው ንጹሕ መዳብ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በገበያው ሞልቷል፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ምልክትም ያባክናል። ከመክፈልዎ በፊት አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከታየ አይግዙት።