ርብ መንገዱን ቀየረና ማሳችን ማዶ ቀረ፤ የድሮ ካርታ ማስረጃ ይሆነኛል?

ጥያቄ፦ የአባቴ ማሳ ፎገራ፣ ርብ ወንዝ ዳር ነው። አምና ክረምት ወንዙ ሞልቶ አዲስ መንገድ ጠረገና ግማሹ ማሳ ማዶ ቀረ። የማዶው ጎረቤት «ድንበራችን ወንዙ ነው» ብሎ ሩዝ ዘራበት። አንድ የድሮ 1፡50,000 ካርታ አግኝቻለሁ፤ በዚያ ላይ ወንዙ ከማሳችን ወዲያ ነው። ፍርድ ቤት ይቀበለኛል?

መልስ፦ ማቅረቡን ያቅርቡት። ግን ካርታው የሚናገረው ወንዙ የት እንደነበር ነው፤ ማን ያርስ እንደነበር አያውቅም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አባትዎ ባለይዞታ ናቸው። ዋናው ማስረጃቸው የይዞታ ደብተራቸው ነው።

ደብተሩን ገልጠው አዋሳኙን ያንብቡ። «በምሥራቅ ርብ ወንዝ» ዓይነት ነገር ሳይል አይቀርም። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። የትኛው ርብ? እኔ ብሆን የምከራከረው ደብተሩ ሲጻፍ ይፈስ የነበረው ነው ብዬ ነው። ውሃ መንገዱን ስለቀየረ ብቻ ይዞታ ከሰው ወደ ሰው አይዞርም።

አሁን የካርታውን ጠርዝ ይመልከቱ። የሚፈልጉት የታተመበትን ሳይሆን የአየር ፎቶው የተነሣበትን ዓመት ነው። ፎቶው ከደብተሩ 20 ዓመት ከቀደመ፣ ጎረቤትዎ «በመሃል ወንዙ አልተንቀሳቀሰም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ርብ ደለሉን እየቆለለ የሚሄድ ወንዝ ነው።

ልኬቱም አለ። በዚህ ካርታ 1 ሚሊሜትር 50 ሜትር ነው። ሰማያዊዋ መስመር ግማሽ ሚሊሜትር ብትወፍር 25 ሜትር መሬት ውጣለች። ለጠባብ ማሳ ይህ ቀላል አይደለም። በስልክዎ ጂፒኤስም አይታለሉ። የድሮዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን ስልክዎ የሚጠቀመው ሌላ ስለሆነ፣ የቦታውን መጋጠሚያ ቁጥር እንዳለ ቢወስዱት 200 ሜትር ገደማ ያዛንፍዎታል።

ስለዚህ ካርታውን ብቻውን ይዘው አይሂዱ። ለማሳው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ወጥቶ ከሆነ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ቅጂውን ያውጡ፤ የተለካ ቅርጽ አለው። ካልወጣ፣ ደብተሩ ሲሰጥ ድንበር ያስጠቆሙትን አዋሳኞችና የያኔውን የቀበሌ መሬት ኮሚቴ አባላት በምስክርነት ይቁጠሩ። ፍርድ ቤቱም ባለሙያ ልኮ ቦታውን እንዲያስለካ ይጠይቁ።

ክሱን የሚያቀርቡት አባትዎ ናቸው፤ አለዚያ ውክልና ይስጡዎት። ሽማግሌ መላኩ ጥሩ ነው። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው፣ ይዞታዬን ነካብኝ የሚባልበት ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። ጎረቤትዎ መጀመሪያ ማረሻ ያስገባበትን ቀን፣ ካዩት ሰዎች ስም ጋር፣ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ያስፍሩ።