የሚነዝረው የብረት መብራት

ከደብረ ብርሃን የደረሰን ጥያቄ፦ «ብየዳ ቤት ባለ 6 አምፖል ክብ የብረት መብራት አሠርቼ ሳሎኔ ሰቀልሁት። ያምራል፤ ግን አቧራ ልጠርግ ስነካው ይነዝረኛል፣ አጥፍቼው እንኳ። የቺፕውድ ኮርኒሱ ጎብጧል፤ በክረምቱ ደግሞ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ዝገት ወጣ። ምን ይሻላል?»

መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ እስኪስተካከል አይብራ። ጠፍቶም የሚነዝር መብራት ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥፋት አለበት፦ ማጥፊያው ፌዙን (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የሚመልሰውን ሽቦ) ነው የሚያቋርጠው፤ ፌዙም አንድ ቦታ ብረቱን ነክቷል።

መብራቱን አውርደው ሽቦው የሚገባበትን የቱቦ አፍ ይዩ። በግራይንደር ተቆርጦ ካልተሞረደ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ ሽቦው ሲሳብ ፕላስቲኩን ይልጠዋል። አንዳንዱ በያጅ ደግሞ ሽቦው ከገባ በኋላ «አንድ ነጥብ ልጨምር» ይላል፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ይቀልጣል። የተላጠውን በቴፕ አይሸፍኑ። ሽቦውን ሁሉ አውጥተው ጠርዙን በክብ ሞረድ ያለስልሱ፣ የጎማ ቀለበት ያልብሱ፣ ከዚያ አዲስ ሽቦ ይሳቡ።

ከዚህ በኋላ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን የመሬት ሽቦ በብሎን ከብረቱ ጋር ማሰር ነው። በሚታሰርበት ቦታ ቀለሙን ፍቀው ብረቱን ያጋልጡ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቤቱ የመሬት መስመር ከሌለው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስቀብሩ፣ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ የመሬት ፍሳሽ ብሬከርም (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ) ያስጨምሩ። «ከኒውትራሉ ጋር እናገናኘው» የሚልዎትን አይስሙ፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን መብራቱ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

ስለ ኮርኒሱ፦ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ከ40 በ4 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ሲሠራ ክቡ ብቻ 3.2 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንዱና ሰንሰለቱ ሲጨመር 9 ኪሎ ቢደርስ አይገርምም። ቺፕውድ ይህን አይችልም። ኮርኒሱን ከፍተው በሁለት የጣሪያ እንጨቶች ላይ 5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ያጋድሙ፤ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከላይ እስከ ታች አሳልፈው በሰፊ ሮንዴላና በሁለት ዳዶ ይሰሩ። ሚስማር አይሆንም፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላላል። መብራቱን ከመስቀልዎ በፊት ግማሽ ኩንታል እህል ለአንድ ሰዓት ያንጠልጥሉበት። ክብደቱን ሰንሰለቱ ይሸከም፤ ሽቦው ግን ላላ ብሎ ይውረድ።

ዝገቱን ያመጣው ብርዱ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ የቡናውና የትንፋሹ እርጥበት ላዩ ላይ ውኃ ይሆናል። ከፋብሪካ የሚመጣው ግራጫ ቅርፊት ሳይነሳ ከተቀባ ደግሞ ቀለሙ ከቅርፊቱ ጋር ይረግፋል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈትጉት፣ በቲነር ይጥረጉት፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀቡት። ሲደርቅ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ።

የቀጥቃጭ መልክ ከፈለጉ ቀለሙን ትተው፣ ሽቦና አምፖል መያዣ ከመግባቱ በፊት የጸዳውን ብረት ያሙቁትና ንጹሕ ሰም በጨርቅ ያሹት። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይደገማል፤ እንፋሎት ለሚበዛበት ማድ ቤት ግን አይሆንም። በዚንክ የተለበጠ ብረት ከሆነ አያሙቁት፣ ጭሱ ይመርዛል።

ለአምፖሉ 5 ዋት ኤልኢዲ፣ 2700 ኬልቪን የተጻፈበትን (ብርሃኑ ወደ ቢጫ የሚያደላውን) ይግዙ፤ ነጩ ብርሃን ጥቁር ብረትን አመድ ያስመስለዋል።