ድጋፉን ከማሠራታችሁ በፊት ጫማውን ግዙ

አብሽሪ እህቴ። አባባ ከስትሮኩ ወዲህ ግራ እግራቸው እየተጎተተ ጣታቸው ድንጋይ ይመታል፣ ከሐይቅ ከተማ ደሴ ሄደን ዊልቸር እንግዛላቸው ወይ ብለሻል። ቆመው የሚራመዱ ከሆነ ዊልቸሩን ለጊዜው ተዪው። የሚያስፈልጋቸው ከባታቸው ጀርባ ወርዶ ውስጥ እግራቸውን የሚሸከም የፕላስቲክ ድጋፍ ነው። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ጠይቁ።

1. በጫማ ቁጥር የሚሸጠውን የተዘጋጀ ድጋፍ አትግዙ። ለወለምታ የሚሸጠው ላስቲክ ካልሲም የወደቀ እግር አያነሳም።

2. ለልክ ስትሄዱ ጫማውን ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ቤተሰብ በዚህች ብቻ ገንዘቡን እንዳቃጠለ ሳስብ ያንገበግበኛል! እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ሻጋታ ይወጣለታል፣ በሻጋታው ላይ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የጋለ ፕላስቲክ ይለበጣል። ቁርጭምጭሚቱ የሚያዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ 90 ዲግሪ ላይ፣ የጫማው ተረከዝ ከፍታ ታስቦ ነው። በኋላ ተረከዙ ከፍ ያለ ሌላ ጫማ ከተደረገ ቅልጥሙ ወደፊት ይገፋና ጉልበት ይከዳል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ጉልበቱ ወደኋላ ይለጠጣል። ከዚያ ሁሉም በፕላስቲኩ ያላክካል፣ ድጋፉም አልጋ ሥር ይጣላል። ጫማው ማሰሪያው እስከ ጣት ድረስ የሚከፈት፣ የውስጥ ንጣፉ የሚወጣ፣ ሰፋ ያለ ይሁን። ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጥሩ ይገኛል።

በመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ብቻ ያድርጉት። ከዚያ አውልቃችሁ የቁርጭምጭሚቱን አጥንቶች፣ ተረከዙንና በትንሿ ጣት በኩል ያለውን የእግር ጠርዝ እዩ። መቅላቱ በ30 ደቂቃ ካልጠፋ ለሠሪው መልሱ፤ እቤት ከሰል ላይ አሙቃችሁ ለማጠፍ አትሞክሩ። ስትሮክ የመታው እግር ሕመም ላይሰማው ይችላልና «አላመመኝም» ማለታቸው አይበቃም፣ በዓይን ይታይ። ውዱእ ካደረጉ በኋላ በጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር ይድረቅ፤ እርጥብ ካልሲ ቆዳ ይልጣል።

መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲወልቅ ድጋፉ ብቻውን ምንጣፍ ላይ ያንሸራትታል። ከሥሩ ቀጭን ጎማ ይለጠፍበት፣ ሰውም ይያዛቸው።

ከዘራው በደህናው በቀኝ እጃቸው ይሁን፤ እጃቸውን አውርደው ሲቆሙ እጀታው የእጅ አንጓቸው ላይ ይድረስ። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የተጎዳው። በደሴ ቁልቁለት ደጋፊው በግራ ጎናቸው፣ ከሳቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሂድ።