እግሩ አይታዘዝም፣ ሲቆነጥጡት ግን ያመዋል፤ የቱ ነርቭ ነው የተጎዳው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አጎትህ ከደንቢያ መጥቷል፣ ሁለት እግሩ ገትሮ በዱላ ነው የሚሄደው፣ ስትቆነጥጠው ግን ያመዋል፤ «ነርቩ ሞቷል የሚሉት ታዲያ የትኛው ነርቭ ነው?» ብለሃል። እኔ እዚሁ ጎንደር ፊዚዮቴራፒ ነው የምሠራው። እንደ አጎትህ ያለ ሰው ከደንቢያም ከፎገራም ይመጣብናል። ሐኪም ሳያየው «ጓያ (ሲበዛ እግር የሚሰብረው፣ መርዝ ያለበት ጥራጥሬ) ነው» አልልህም፣ ግን ጥያቄህ ራሱ ግማሹን መልስ ይዟል።

አንጎልና በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ማዕከሉ ናቸው። ከነሱ የሚወጡት ነርቮች፣ 12 ጥንድ ከአንጎል 31 ጥንድ ከኅብለ ሰረሰር፣ ወደ ቆዳው፣ ወደ ጡንቻውና ወደ ሆድ ዕቃው ይበተናሉ። ይሄን ትምህርት ቤት ተምረኸዋል። ለአጎትህ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ትእዛዝ የሚወርድበትና ስሜት የሚወጣበት መስመር የተለያየ መሆኑ ነው።

ትእዛዝ እግር ጋ የሚደርሰው በሁለት ሴሎች ቅብብሎሽ ነው። የመጀመሪያው ሴል አናት ላይ፣ አንጎል ውስጥ ነው ያለው፤ ቀጭን ረጅም ክሩ ይወርድና ከአንጎሉ ግርጌ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል (ግራ አንጎሉን ስትሮክ የመታው ሰው ቀኝ እጁ የሚሰንፈው ለዚህ ነው)፣ ከዚያ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ለሚጠብቀው ለሁለተኛው ሴል ያቀብላል። ሁለተኛው ከዚያ ወጥቶ ጡንቻው ድረስ ይዘልቃል።

ሁለተኛው ሲሞት እግር ይልፈሰፈሳል፣ ይከሳል። የልጅነት ልምሻ ያለበትን ሰው አይተህ ታውቃለህ፣ እንደዚያ። የመጀመሪያው ሲጎዳ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እግሩ ይገትራል። ምክንያቱም ይሄ የላይኛው ሴል ማዘዝ ብቻ ሳይሆን የታችኛውን መቆጣጠርም ሥራው ነው፣ እሱ ሲጠፋ ታች ያለው ሃይ ባይ ያጣል። እንዲህ ያለውን ሰው አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በመዶሻዋ መታ ሳደርገው እግሩ ወደ ፊት ይወረወራል። የእግሩን መዳፍ ቶሎ ወደ ላይ ስገፋው ደግሞ እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል። ሲሄድ በጣቶቹ ነው የሚረግጠው፣ ጉልበቶቹ ይፋተጋሉ፣ ኮንጎ ጫማውን ብታየው ተረከዙ ደህና ሆኖ አፍንጫው አልቋል።

ጓያ የሚያጠቃው ይሄንኑ የመጀመሪያውን ሴል ነው፣ በተለይ ለእግር የሚያዘውን። የስሜቱን መስመር አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። ስለዚህ አጎትህ ሲቆነጠጥ ማመሙ ከጓያ ጋር ይሄዳል። ባላገሩ «እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው» ይላል፤ አይደለም፣ መብላቱ ነው። አንድ ቀን የቀመስከው የጓያ ሽሮ ግን ምንም አያደርግህም። የሚሰብረው ዝናብ ጠፍቶ ሌላው እህል ሲከዳ፣ ጓያው ብቻ ሲተርፍና ቂጣውም ቆሎውም ሽሮውም እሱ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲበላ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉም ይረዳል።

አሁን የምፈራልህን ልንገርህ። እግር የሚገትረው ጓያ ብቻ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ ኅብለ ሰረሰርን ሊጫነው ይችላል፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ የሚወርደውም የሚወጣውም አብሮ ስለሚያልፍ፣ ከተጫነው ቦታ በታች ስሜትም ሊጠፋ፣ ሽንትም አልታዘዝ ሊል፣ ወገብ ወይም ጀርባም ሊያም ይችላል። ይሄ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፤ ማዘግየት አይገባም። ስኳር ደግሞ ሌላ ነው፣ ረጃጅሞቹን ነርቮች ስለሚያስቀድም መደንዘዙና ማቃጠሉ ከእግር ጣት ይጀምራል።

ጓያ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የሞተው ሴል አይመለስም። ክንድ ላይ የተቆረጠ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ ሊመለስ ይችላል፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ግን እንዲህ አይሠራም። ጓያውን ካቆመ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይብስበትም። እንዳይቆራመድ በየቀኑ ተረከዙን ይዛችሁ የእግሩን መዳፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ገፍታችሁ ያዙት፤ በኃይል ከሆነ ይብሱን ይገትራል። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁም አታስጎትቱት፣ የወለቀ አጥንት የለም።

ሐኪም ጋ ስትወስደው ሳይጠይቁህ አራት ነገር ንገር፦ ጓያ ስንት ወር ዋና ምግቡ እንደነበር፣ እግሩ በአንድ ሌሊት ነው ወይስ ቀስ በቀስ የገተረው፣ ሽንቱን ይቆጣጠር እንደሆነ፣ ጀርባውን ያመው እንደሆነ። ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም ከወገቡ በታች ከደነዘዘው ዛሬውኑ ውሰደው።