መልስ፦ ለ2004 ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ርካሽ የቱርቦ ዕቃ

ወንድሜ፣ «ቱርቦው ከሞተ አዲስ መግዛት ግዴታ ነው? የኤስቲአይ ዕቃስ ይገጥማል?» ላልከው፣ ግዴታ አይደለም፤ ኤስቲአዩም የአንተው መኪና ጉልበተኛ ዓይነት ስለሆነ ብዙው ይገጥማል።

የአንተ ሱባሩ ከፋብሪካ የወጣው በቲዲ04 ቱርቦ (ለሞተሩ አየር ገፍቶ የሚያስገባው ዕቃ) ነው። ሰው ትልቅ ሲያስገጥም አሮጌውን በርካሽ ይሸጠዋል፣ እሱን ፈልግ። ከመክፈልህ በፊት ዘንጉን በጣትህ ይዘህ ወደፊትና ወደኋላ ግፋው፤ ከተንቀሳቀሰ ወይም ክንፉ ቤቱን ከቧጨረ ተወው። ጓርኒሲዮኑን ግን አዲስ ግዛ፣ እዚያ ላይ አትቆጥብ።

ማሳደግ ካማረህ የኤስቲአዩ ቱርቦ፣ ቪኤፍ39፣ ያለ ብዙ ጣጣ ቦታው ላይ ይገባል። ኢንተርኩለሩንም (ከቱርቦው የወጣውን አየር ማቀዝቀዣ) ከነቱቦው ካገኘኸው ውሰደው። ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተርና የነዳጅ ፓምፑን ሳትቀይር፣ ኮምፒውተሩንም በሚያውቅ ሰው ሳታስተካክል ግን እንዳትነዳው፤ አየሩ በዝቶ ነዳጁ ካነሰ ፒስተን ይበላል፣ ያኔ ያተረፍከው ሁሉ ለሞተር ይሄዳል።

ለፍሬን የ2006 እና 2007 ደብልዩአርኤክስ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው) ከነዲስኩ ምርጥ ነው። ቸርኬ ላይ ተጠንቀቅ፦ የ2004 ኤስቲአይ እንደ አንተው 5 በ100 (አምስት ብሎን፣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ) ነው፣ ከ2005 ጀምሮ ያለው 5 በ114.3 ስለሆነ አይገባልህም። ሻጮች ይህን ብዙ ጊዜ አይነግሩህም።

ሜሪላንድ ነኝ ስላልክ ራስህ ፈተህ የምትወስድባቸውን የአሮጌ መኪና ግቢዎች ዙር፤ ያገለገለ ዕቃ መፈለጊያው ካር-ፓርት ዶት ኮም ላይም በዚፕ ኮድህ ፈልግ። ካምቢዮውን ለጊዜው እርሳው፣ የኤስቲአዩ ባለ ስድስት ማርሽ ርካሽ አይደለም።